ኮምፒዩተሩ ለሳንጃ ይስማማል ወይ?

የሰሊጥ አጨዳ አልቆ ገበያው ሲከፈት፥ ከሳንጃና ከመተማ ለመጣን ተማሪዎች በየዓመቱ አንድ ዓይነት መልእክት ይደርሰናል። አባት ሰሊጡን ሸጧል፤ ታናሽ ወንድም አሥራ ሁለተኛ ክፍል ገብቷል፤ «እናንተ የተማራችሁ ናችሁና ኮምፒዩተር ወይም ታብሌት መርጣችሁ ላኩለት» እንባላለን። ገንዘቡ የአንድ ቤተ ሰብ የዓመት ድካም ስለሆነ ነገሩን እንደ ዋዛ ልናየው አይገባም። በ2016 ዓ.ም. የመልቀቂያው ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ ከወረቀቱ ጐን ለጐን በኮምፒዩተር መሰጠት ከጀመረ ወዲህማ የቅንጦት ዕቃ ነው የሚል ሰው የለም። ማውስ ጨብጦ የማያውቅ ልጅ መልሱን እያወቀ ሰዓት ያልፍበታል።

ታዲያ በሱቁ ውስጥ ሻጩና ገዢው የሚነጋገሩት ምንድን ነው? «ኮር ስንት ነው?» «ኮር አይ 5።» በዚሁ ገበያው ያልቃል። ነገር ግን ይህ ስም ከ15 ዓመት በላይ ሲሠራበት ስለኖረ፥ አያትና የልጅ ልጅ በአንድ ስም ይጠሩበታል። መታየት ያለበት ተከትሎ የሚመጣው ቍጥር ነው፤ 3320 ቢል ሦስተኛ ትውልድ፥ 8250 ቢል ስምንተኛ ትውልድ ማለት ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል ወገን በደንቡ የሚቀበለው በጠቅላላው ከስምንተኛው ትውልድ ወዲህ ያለውን ነው። «ኋላ ራም እንጨምርበታለን» የሚለውም ተስፋ መመርመር አለበት። ዲ ዲ አር 4 የተባለው ራም በዲ ዲ አር 3 ቦታ አይገባም፤ ጥርሱ የተቀደደበት ስፍራ ይለያያልና።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚያስቆጨን የፊደላችን ነገር ነው። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ገብቷል። ይሁን እንጂ ከዚያ በፊት በነበሩት መጻፊያዎች የተተየበ ማስተማሪያ ዛሬም ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ በታብሌት ሲከፈትም የላቲን ፊደልና የምልክት ዝብርቅርቅ ሆኖ ይወጣል። ልጁ ታብሌቱ የተበላሸ ይመስለዋል። ታብሌቱ ግን ደኅና ነው። መምህሮቻችን ጽሑፋቸውን በዩኒኮድ፥ ይህ ቢያስቸግር በፒ ዲ ኤፍ አድርገው ቢያድሉን ምን ይጐድልባቸዋል?

አገሩም ራሱ ሊጠየቅ ይገባል። አፕል ለአይፓድ የወሰነው የአካባቢ ሙቀት እስከ 35 ዲግሪ ሲሆን፥ የመተማ ሙቀት በመጋቢትና በሚያዝያ 40 ይደርሳል። (የደጋ ጓደኞቻችን ይህን ስንነግራቸው ይስቃሉ፤ አንድ ሚያዝያ መጥተው ይዩት።) ቻርጀሩም ቢሆን በሳንጃ ሱቅ የሚገኝ መሆን አለበት። ዩ ኤስ ቢ ሲ የሆነ እንደ ሆነ ከጎረቤት ስልክ ላይ መዋስ ይቻላል።

ታብሌት ርካሽ ነው፥ ባትሪውም ይቆያል የሚሉ አሉ። ለንባብ እንስማማለን። ለፈተና ልምምድ ግን ስምንተኛ ትውልድ የሆነ ያገለገለ ላፕቶፕ ይሻላል እንላለን፤ ባትሪውና ራሙ የሚለወጥ ከሆነ ደግሞ እሰየው።

የተማሪዎች ኅብረታችን በየቅዳሜው ከሰዓት በኋላ አንድ ክፍል ቢከፍት፥ የኮምፒዩተር ትምህርት ክፍል ጓደኞቻችንም ገንዘቡ ሳይከፈል ዕቃውን ቢመረምሩልን መልካም ነው። ሻጩ ዕቃውን ለአንድ ቀን በመያዣ እንዲሰጥ ይጠየቅ። ሥራው ግን ሰሊጡ ገበያ ሳይወጣ መጀመር አለበት።