ከል እንደ ቤት ኪራይ

ከገርጂ እስከ ሰሚት፣ ከመገናኛ እስከ አያት ባለው ሰፈራችን ለቅሶ መድረስ እናውቅበታለን። ድንኳን ይተከላል፤ ንፍሮ ይቀቀላል፤ እድርተኛው ሦስት ቀን ሙሉ «አይዞሽ» ይላል። የማናውቅበት ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። ባሏ የሞተባት የሃያ ስድስት ዓመት ሴት ሥራ ፍለጋ ብትወጣ «አፈሩ ሳይደርቅ!» ትባላለች። ፀጉሯን ብትሠራ «ምን አስባ ነው?» ይሏታል። አምሽታ ብትገባ በኮንዶሚኒየሙ ደረጃ ላይ ዐይን ተደርድሮ ይጠብቃታል።

ሚስቱ የሞተችበትስ? ገና ዓርባው ሳይወጣ «ማን እንጀራ ያቀርብለት? ልጆቹንስ ማን ያሳድግለት?» እየተባለ ዘመድ ራሱ ሙሽራ ያፈላልግለታል። የእሷን ልጆች ማን ያሳድግላት ብሎ የጠየቀ ግን የለም።

«ባህላችን ነው» የምትሉ ጓደኞቼ፣ የትኛው ባህል? አፄ በካፋ እ.ኤ.አ. በ1730 ሲሞቱ የቋራዋ እቴጌ ምንትዋብ ገና ወጣት ነበሩ። ጥግ ይዘው አልተቀመጡም። የልጃቸውን የኢያሱን ዙፋን ጠብቀው አገር አስተዳደሩ፤ ቁስቋምን አሠሩ፤ «ምልምል ኢያሱ» ከተባለው ሰው ሦስት ሴቶች ልጆች ወለዱ። መቼም አልታሙም አልልም፤ ታምተዋል። ግን ከቤታቸው ያስወጣቸው ሐሜተኛ አልነበረም። «እሳቸውማ እቴጌ ናቸው» ትሉኛላችሁ። እኔስ የምለው ምን ሆነና! ቤቱ የራሷ የሆነችን ሴት ባህል አያስራትም።

ሕጉን እንይ። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 16 ሴቲቱ እንደገና ለማግባት 180 ቀን እንድትጠብቅ ያዛል። ነገሩ የሚወለደው ልጅ አባት እንዳያጠራጥር ነው፤ እርጉዝ አለመሆኗ በሕክምና ከተረጋገጠ መጠበቁም ይቀራል። ስለ ፀጉርና ስለ ጥቁር ቀሚስ አንድም ቃል የለበትም።

ዋናው ጣጣ ሌላ ቦታ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ኑዛዜ ከሌለ ባልና ሚስትን አያወራርስም። ከጋራ ንብረቱ ግማሹ የእሷ ነው፤ የሟች ግማሽ ለልጆቹ፣ ልጅ ከሌለ ለወላጆቹ ይሄዳል። እንግዲህ ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም እንዴት ለሁለት ይከፈላል? አማትየዋ ዝም እስካሉ ትኖራለች። ዝም የሚሉት ደግሞ ጥቁሩን እስከለበሰች ድረስ ነው። ከሉ የሐዘን ልብስ መሆኑ ቀርቶ የቤት ኪራይ ሆነ ማለት ነው!

እኛስ ምን እየሠራን ነው? በልብ ወለዶቻችን መበለቷ ወይ ታለቅሳለች ወይ ትባልጋለች፤ ሥራ ገብታ፣ ልጇን ትምህርት ቤት አድርሳ፣ ማታ ስቃ የምታመሽ ሴት ጽፈን አናውቅም። የምንጽፈው ሐሜቱን ነው፤ ያውም በጥሩ አማርኛ።

ስለዚህ የምለው አጭር ነው። እድሩ በባሏ ስም ከሆነ ነገ በራሷ ስም ይዙር። ልናገባ የምናስብ ሁሉ በሰርጋችን ማግስት ኑዛዜ እንጻፍ፤ «ሟርት ነው» የሚል ካለ ሟርቱ ሚስትን ሜዳ ላይ ጥሎ መሄድ ነው። ጎረቤቷ የሆንን ደግሞ ከደረጃው ላይ እንነሳላት፤ መንገድ ዘግተንባታል። ሐዘኑ የእሷ ነው፤ የሚያበቃበትንም ቀን እሷ ትቁረጥ።