ተቃዋሚው ሚኒስትር ከሆነ የአሰላ ልጅ ለማን ይጩህ?

በጥር 2015 የ12ኛ ክፍል ውጤት ይፋ ሲሆን ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። እስቲ አሰላ ውስጥ የወደቀ አንድ ልጅ አስቡ። «ጥፋቱ የእኔ ብቻ ነው ወይስ ያስተማረኝም ሥርዓት?» ብሎ መንግሥትን መጠየቅ ፈለገ። መንግሥትን የሚጠይቅለት ደግሞ፣ በደንቡ ከሄድን፣ ተቃዋሚ ፓርቲ ነው። ወደ ኢዜማ ይሂድ? የኢዜማ መሪ ብርሃኑ ነጋ ነበሩ። ትምህርት ሚኒስትሩስ? እሳቸው ራሳቸው።

ፈተናው መጥበቁን አልቃወምም፤ ኩረጃን ማስቆም ተገቢ ነው። ግን ትክክለኛ ፖሊሲም ቢሆን ከውጭ ቆሞ የሚፈትሸው ሰው ይፈልጋል። ኢዜማ ያንን ቦታ በገዛ እጁ ለቀቀ።

ወደኋላ እንመለስ። ሰባት ፓርቲዎች ራሳቸውን አክስመው ኢዜማን ሲመሠርቱ፣ ግንቦት 2011 ላይ፣ ተስፋው ትልቅ ነበር። መዋቅሩን በምርጫ ወረዳ አደረገ፤ ይህ ጥሩ ሐሳብ ነው። በሰኔ 2013ቱ ምርጫ ግን ውጤቱ ከታወጀላቸው 436 የፓርላማ መቀመጫዎች ብልፅግና 410 ወሰደ፤ ኢዜማ አራት። ውጤቱ ከታወጀ ሦስት ወር ሳይሞላ መሪው ካቢኔ ገቡ። የአብኑ በለጠ ሞላና የኦነጉ ቀጄላ መርዳሳም እንዲሁ። በ2014 የኢዜማ ጉባኤ አንዱዓለም አራጌን ትቶ ሚኒስትሩን መልሶ መሪ አደረገ። በ2015 ደግሞ በርካታ አመራሮችና አባላት ለቀው ወጡ።

«አገር በጦርነት ላይ ነበረች፣ ዳር ቆሞ ከመጮህ ገብቶ መሥራት ይሻላል» ይባላል። እሺ፣ አንድ ሰው ለአገሩ ሊሠራ ይችላል። ካቢኔ የገባ ሰው ግን በጋራ ለተወሰነ ነገር በጋራ ይጠየቃል። በ2015 ክረምት ገበሬው ማዳበሪያ አጥቶ ሲጉላላ ፓርቲው የራሱ መሪ የተቀመጠበትን መንግሥት በምን አፉ ይክሰስ?

አርሲ ይህን ታሪክ ታውቀዋለች። በ1960 በስዊድን ድጋፍ የተጀመረው የጭላሎ የእርሻ ልማት ፕሮጀክት፣ ካዱ፣ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ አመጣ፣ ምርትም ጨመረ። መሬቱ ትርፍ ሲያስገኝ ግን ባለርስቱ ትራክተር አስገብቶ ጭሰኛውን አፈናቀለ። ምርት ጎድሎ አልነበረም። ስለ ጭሰኛው የሚናገር ጠፍቶ ነው። ዛሬም ስለ ኩታ ገጠምና ስለ ኮምባይነር ብዙ ይወራል። የስንዴውን ዋጋ ማን ይወስናል? ለትንሹ ገበሬ ምን ይተርፋል? ይህን ለመጠየቅ አሰላ ላይ ቢሮ ከፍቶ የሚቀመጥ ፓርቲ ያስፈልጋል።

ሜዳው እኩል አይደለም የምትሉ እውነታችሁን ነው። ኦፌኮና ኦነግ መሪዎቻችን ታስረዋል፣ ቢሮዎቻችን ተዘግተዋል ብለው ከ2013ቱ ምርጫ ወጡ። ብሶታቸው እውነት ነበር። ውጤቱ ግን ምን ሆነ? በብዙ የኦሮሚያ ምርጫ ወረዳዎች ብልፅግና ያለ ተፎካካሪ ቀረበ። እንግዲህ አንዱ ሸሽቶ፣ ሌላው ተጠቃልሎ፣ መራጩ ብቻውን ቀረ።

ስለዚህ ኢዜማ ከዚህ በኋላ መንገድ አለኝ ካለ ሦስት ነገር ያድርግ። አንደኛ፣ ሚኒስትር የሚሆን ሰው የፓርቲ መሪነቱን በዚያው ቀን ያስረክብ። ይህ በደንቡ ይጻፍ፤ በሰው ጨዋነት ላይ አይተው። ሁለተኛ፣ አርሲ ላይ በአፋን ኦሮሞ ይናገር። በአስተርጓሚ ማለቴ አይደለም፤ ከእዚያው ከተወለዱ፣ ገበያ ላይ ሁለቱንም ቋንቋ እያቀላቀሉ ከሚያወሩ ልጆች መሪ ያፍራ። «የዜግነት ፖለቲካ» በአማርኛ ብቻ ሲነገር ለብዙ ኦሮሞ ወጣት የድሮው ነገር አዲስ ስም ሆኖ ይሰማዋል። ሰኔ 2012 አሰላ ውስጥ የደረሰውን ለሚያስታውስ፣ ለሁሉም ጎረቤት በሚገባው ቋንቋ የሚናገር ፓርቲ የጌጥ ጉዳይ አይደለም።

ሦስተኛው ዋናው ነው። የአካባቢ ምርጫ ይጠይቅ። የቀበሌና የወረዳ ምርጫ ለመጨረሻ ጊዜ በአገር ደረጃ የተካሄደው በ2005 ነው። ያኔ የተወለደ ልጅ ዛሬ ጎረምሳ ሆኗል። ገበሬውን በየቀኑ የሚያዘው ቀበሌው ነው፤ ያንን ቀበሌ ግን መምረጥ አልቻለም። ፓርላማ ውስጥ አራት ወንበር ይዞ መንግሥት መጣል አይቻልም፣ ይህን ጥያቄ በየመድረኩ ማንሳት ግን ይቻላል። በቀበሌ ደረጃ ደግሞ አንድ ተቃዋሚ ቢመረጥ እንኳ የማዳበሪያ ዝርዝር ውስጥ የማን ስም እንደገባ፣ የማን እንደወጣ በይፋ ይጠይቃል።

ይህ ሥራ ዝና የለውም። የቴሌቪዥን ክርክር፣ የሸራተን አዳራሽ የለውም። በክረምት ጭቃ ኢተያ፣ ሳጉሬ፣ በቆጂ እያሉ መሄድ፣ ቡና ላይ መቀመጥ፣ መሰደብም አለው። ግን በ2013 የተሸነፈ ፓርቲ አምስት ዓመቱን እዚያ ቢያሳልፍ ኖሮ፣ ያ የወደቀ ተማሪ ቢያንስ የሚያንኳኳው በር አያጣም ነበር።