ኢንተርኔት በቀራንዮ፤ በቧንቧ ወይስ በጀሪካን?

ቀራንዮ ውስጥ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ወደሚገኝ አንድ ግቢ ማታ ከሁለት ሰዓት በኋላ የገባ ሰው፣ የባለቤቲቱን ቤትና ከኋላው የተደረደሩትን የኪራይ ክፍሎች ተመልክቶ ኢንተርኔት የሚባለው ነገር እዚህ መድረሱን ሊጠራጠር ይችላል። በግድግዳው ላይ የተዘረጋ ሽቦ የለም፤ በመደርደሪያ ላይ መብራቷ ብልጭ የምትል ሣጥንም አትታይም። ነገር ግን በአንደኛው ክፍል አንዲት ተማሪ ትምህርቷን በስልኳ ታዳምጣለች። በሁለተኛው በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ የሆነ ወጣት ያላለቀ ዘገባውን ለአለቃው ይልካል። በሦስተኛው ደግሞ አንዲት እናት ቤይሩት ካለች ልጃቸው ጋር ፊት ለፊት እየተያዩ ይጫወታሉ። ይህ ሁሉ የሚሆነው ከማንም ጋር የቤት መስመር ውል ሳይፈረም ነው።

የነገሩ አሠራር ቀላል ነው። ስልኩ በአካባቢው ከተተከለው ምሰሶ ማዕበሉን ይቀበላል፤ ከዚያም ራሱ እንደ ትንሽ ምሰሶ ሆኖ አጠገቡ ላለው ኮምፒዩተር ያድላል። ሲም ካርድ ጎርሶ ይህንኑ ሥራ ብቻ የሚሠራ ትንሽ መሣሪያም በየሱቁ ይሸጣል። አራተኛው ትውልድ የሚባለው ፈጣን የሞባይል ኢንተርኔት አዲስ አበባ የገባው በ2007 ዓ.ም. ሲሆን፣ መስከረም 26 ቀን 2015 ዓ.ም. ደግሞ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በከተማው ሥራ በመጀመሩ፣ ለረዥም ዘመን ከአንድ መሥሪያ ቤት በቀር የማያውቀው ደንበኛ ሁለት ሲም ይዞ ዋጋ የሚያማርጥበት ጊዜ መጣ።

መስመር በሌለበት መላ መፈለግ ለአገራችን እንግዳ ጠባይ አይደለም። በሰፈር አንድ ስልክ በነበረበት ዘመን ባለስልኩ ቤት የጎረቤቱ ሁሉ ቢሮ ነበር፤ «ስልክ ተደውሎልዎታል» እያለ የሚሮጠው ልጅም ደመወዝ የሌለው የቴሌ ሠራተኛ ነበር ማለት ይቻላል። ኢንተርኔትም ቢሆን በ1989 ዓ.ም. በይፋ ከመከፈቱ በፊት፣ በአዲስ አበባ የሚገኘው የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን የኤሌክትሮኒክ ደብዳቤዎችን እያጠራቀመ፣ በተራ የስልክ መስመር እየደወለ ወደ ውጭ አገር የሚያስተላልፍበት ዘዴ ነበረው። የዛሬው ጸሐፊ ስልኩን ከኮምፒዩተሩ ጋር ሲያገናኝ የዚያው መላ ወራሽ ነው።

ዳሩ ግን መላው ሥራውን ሠራ ማለት ችግሩ ተቃለለ ማለት አይደለም። ውሃን በቤቱ ቧንቧ ያስገባ ሰውና ከቦኖ በጀሪካን የሚቀዳ ሰው ሁለቱም ውሃ ይጠጣሉ፤ አኗኗራቸው ግን የተለያየ ነው። በጀሪካን የሚቀዳው ልብስ ከማጠቡ በፊት ያስባል። በጥቅል የሚገዛ ኢንተርኔትም እንደዚሁ ነው።

ሒሳቡን እንመልከት። በመካከለኛ ጥራት የሚታይ የአንድ ሰዓት ቪዲዮ ወደ 700 ሜጋባይት ይፈጃል። እንግዲህ አንድ ጊጋባይት የገዛች ተማሪ አንድ ሰዓት ተኩል የማይሞላ ትምህርት ካየች በኋላ ባዶ እጇን ትቀራለች። ጥራቱ ከፍ ያለ ከሆነ አንዱ ሰዓት ሦስት ጊጋባይት ሊደርስ ይችላል። በአንጻሩ ያው ትምህርት በድምፅ ብቻ ቢቀርብ ስድሳ ሜጋባይት ገደማ ይበቃዋል፤ ሥዕል የሌለው የሦስት መቶ ገጽ መጽሐፍ ደግሞ አንድ ሜጋባይት እንኳ ላይሞላ ይችላል። ለመምህሮቻችን ይህ ሊታሰብበት የሚገባ ነገር ነው፤ መምህሩ ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሞ የሚናገርበትን ቪዲዮ ከመላክ ይልቅ ጽሑፉንና ድምፁን ቢልኩ ተማሪው ምንም አይጎድልበትም።

ከገንዘቡ ይልቅ የሚያሳስበን ግን የልማዱ ነገር ነው። ጥቅሉ የቀን፣ የሳምንት፣ የወር እየተባለ ቀነ ገደብ አለው። ተማሪዋ አንድ ጥያቄ በአእምሮዋ ቢመጣባት ወዲያው ከመመርመር ይልቅ «ስንት ቀረኝ?» ብላ ሒሳቧን ታያለች። ጸሐፊውም ርካሽ የሌሊት ጥቅል ገዝቶ እንቅልፉን ይሠዋል፤ በማግሥቱ በመሥሪያ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ የሚያንቀላፋው ስንፍና ይዞት ላይሆን ይችላል። በዚህ ዓይነት ኢንተርኔት መልእክት መላላኪያ ብቻ እየሆነ፣ ማንበቢያና መማሪያ መሆኑ ይቀራል። ያልተገደበ የሚባል ጥቅል መኖሩ እውነት ነው። ነገር ግን አንዱ የሚከፍለው ለአንድ ሲም ነውና ለጀማሪ ሠራተኛ ኪስ ይከብዳል።

በስልክ ብቻ መመካት ሌላም ጉድለት አለው። ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላ፣ ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ በሐምሌ ወር ቀድሞ የተመለሰው የመስመሩ ነበር፤ የስልኩ ተጠቃሚ ከዚያም በኋላ ቀናት መጠበቅ ግድ ሆኖበታል። የሆነ ሆኖ ስልክንም አንበድል። በቀራንዮ መብራት ሲጠፋ የመስመሩ ሣጥን ወዲያው ዝም ሲል ስልኩ በባትሪው ይቀጥላል።

ታዲያ ቧንቧው ለምን ወደ ግቢው አይገባም? ብዙ ሰው «ሽቦ ስለሌለ» ይላል። ይህ በአንዳንድ መንደር እውነት ነው፤ እኛ ባየነው ግቢ ግን ዋናው ምክንያት ሌላ ሆኖ አግኝተነዋል። ነዋሪዎቹ ተከራዮች ናቸው። በሚቀጥለው ወር ውጣ ሊባል የሚችል ሰው በሰው ግድግዳ ላይ መስመር ለማስገባት አይደፍርም። ስልክ ግን ከፍራሹ ጋር ተጠቅልሎ ወደሚቀጥለው ቤት ይሄዳል። የባለቤቲቱም ሥጋት ቀላል አይደለም። ከዚህ በፊት በአንድ የመብራት ቆጣሪ ምክንያት ከተከራዮች ጋር ያልተጣሉበት ወር የለም።

ተማሪዋ «እትዬ፣ አንድ መስመር በስምዎ ቢገባ እኛ እያዋጣን እንከፍላለን» ብትላቸው፣ «አንቺ ልጅ፣ በመብራቱ የደረሰብኝ አይበቃም? ማን ምድጃ ለኮሰ፣ ማን አልለኮሰ ስል ነው ዕድሜዬ ያለቀው» አሏት። ልጅቷም በመስመር ኢንተርኔት ወርኀዊው ክፍያ የታወቀ እንደ ሆነ፣ ማን ብዙ ተጠቀመ የሚባል ጠብ እንደማይኖር አስረዳቻቸው። ዝም ብለው አሰቡበት።

በውጭ አገር ከዚህም አልፈው የሄዱ አሉ። በስፔን አገር በካታሎኒያ፣ ኩባንያዎች ችላ ያሏቸው የገጠር ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2004 በየጣሪያቸው አንቴና እየተከሉ ጉይፊ የተባለውን የራሳቸውን መረብ ዘርግተዋል። በጎረቤታችን በኬንያም እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ስታርሊንክ ከሳተላይት በቀጥታ ኢንተርኔት ይሸጣል። ወጣት አንባቢዎቻችን ይህን ሰምተው ወደ ጣሪያ ከመውጣታቸው በፊት ግን የአገሩን ሕግ ማወቅ ይኖርባቸዋል። የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761/2004 ያለ ፈቃድ የቴሌኮም መሣሪያ ማስገባትንም፣ የራስን መሠረተ ልማት ዘርግቶ ለሌላ ሰው አገልግሎት መስጠትንም በብርቱ ይቀጣል። ስለዚህ በአንድ ግቢ ተዋጥቶ መክፈልም ቢሆን ውሉን አንብቦ፣ ኩባንያውን ጠይቆ መሆን አለበት፤ ወደ ጎረቤት እየቀጠሉ መቸርቸርማ የማይታሰብ ነው።

በእኛ አስተያየት የተከራዩን ፍርሃት ሊያቀል የሚችለው ነገር ከቴሌኮም ሕግ ውጭ ይገኛል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ደንግጓል። ሁለት ዓመት እንደሚቀመጥ ያወቀ ሰው መስመር ለማስገባት ሊደፍር ይችላል። በክፍለ ከተማው የኪራይ ውል የሚመዘግቡ ወጣት ሠራተኞች ይህን ለተከራዩ ቢነግሩት ከሥራቸው የሚወጣ ነገር የለም። የመስመር አቅራቢዎችም ውሉ የተመዘገበለትን ተከራይ እንደ ባለቤት ቆጥረው ቢያስተናግዱት ገበያቸው ይሰፋል እንጂ አይጠብም።

ያችን ተማሪ በሳምንቱ አግኝተናት ነበር። ባለቤቲቱ በሐሳቡ ተስማምተዋል፤ ጸሐፊው ለማመልከት ፈቃደኛ ሆኗል፤ ከሦስቱ ክፍሎች ሁለቱ ለማዋጣት ቃል ገብተዋል። አሁን የቀረው ክርክር ሣጥኑ በማን ክፍል ይቀመጥ የሚለው ነው።