የአዘጋጁ ማስታወሻ፦ አስተውሎቱን ማን ይምራው?

አይ ሲ ኤል አር የተባለው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሊቃውንት ዓለም አቀፍ ጉባኤ በሚያዝያ 2012 ዓ.ም. ከሰፈራችን ከገርጂ ብዙም በማይርቀው በቦሌው ሚሊኒየም አዳራሽ እንዲሰየም ተቆርጦ ሳለ፣ በኮሮና መቅሠፍት ምክንያት በኢንተርኔት ብቻ በመካሄዱ፣ የሰፈራችን ተማሪዎች ሊቃውንቱን ፊት ለፊት የሚጠይቁበት ዕድል አመለጣቸው። በዚያው ዓመት መንግሥት ዛሬ የኢትዮጵያ አርቲፊሻል ኢንተለጀንስ ኢንስቲትዩት የምንለውን ማዕከል አቋቋመ።

ይህ እትም የሚመረምረው ግን፣ በገርጂው ዩኒቲ ዩኒቨርሲቲም ሆነ በስድስት ኪሎ፣ በዩኒቨርሲቲ ቅጽር ውስጥ የሰው ሠራሽ አስተውሎትን አገልግሎት ማን ይምራው የሚለውን ነው። ተማሪው በስልኩ የጠየቀውን ማሽኑ በድፍረት ሲመልስለት፣ ምንጩ ያልተመረመረውንም ቃል እንዳለ ወደ መመረቂያ ጽሑፉ ሲያስገባ፣ የጉባኤ ቤት መምህር ደቀ መዝሙሩን እንደሚያርም የሚያርመው ካልተገኘ፣ ኮምፒዩተሩ ቢበዛ፣ ኔትወርኩም ቢፈጥን (መፍጠኑን ያድለንና!) ረብሑ ምንድር ነው? ስለዚህ በእኛ አስተያየት ሹመቱ ዕቃ ለሚገዛው ክፍል ብቻ የሚተው አይደለም፤ ከቤተ መጻሕፍቱና ከመምህራኑ ጋር የሚመክር፣ በ2016 ዓ.ም. የወጣውን የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ጠንቅቆ የሚያውቅ፣ የተማሪው ውጤትና ምስጢር ወደ ባዕድ ሰርቨር እንዳይጋዝ «አይሆንም» ለማለት ሥልጣን ያለው ሰው ይሻል።

በዚህ የማይስማማ መምህር ወይም ተማሪ ቢኖር ክርክሩን ጽፎ ይላክልን፤ በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን።