ፍቅረኞቹን የለያያቸው ማን ነው?

ኪነ ጥበብ ከኅብረተሰብ ኑሮ ተነጥላ በአየር ላይ የምትንሳፈፍ ነገር አይደለችም። እያንዳንዱ ልብ ወለድ፣ ቴአትርና ፊልም የተፈጠረበትን ሥርዓት ወይ ይገልጣል ወይ ይሸፍናል። በቅርቡ ከሥራ ባልደረቦቻችን ጋር የተመለከትነው አንድ የቆየ የእንግሊዝ የፍቅር ፊልም ለዚህ ማስረጃ ይሆናል።

ፊልሙ ጌይንስቦሮ የተባለው ኩባንያ በ1943 እ.ኤ.አ. ያወጣው፣ ሌስሊ አርሊስ ያዘጋጀው «ግራጫ የለበሰው ሰው» ነው። ታሪኩ የሚፈጸመው በአሥራ ዘጠነኛው ምዕተ ዓመት መባቻ ነው። ክላሪሳ የተባለች ወጣት ለጨካኙ ሎርድ ሮሃን ትዳራለች፤ እርሱም የሚፈልጋት ወራሽ እንድትወልድለት ብቻ ነው። ልቧ ሮክቢ ወደተባለ ተዋናይ ያዘነብላል። ድሀዋ ጓደኛዋ ሄስተር ግን የባሏ ውሽማ ሆና ክላሪሳን በታመመች ጊዜ ለሞት ትዳርጋታለች፤ ሮሃንም ሄስተርን ደብድቦ ይገድላል። በመጨረሻ የክላሪሳና የሮክቢ ዝርያዎች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የወታደር ልብስ ለብሰው ይገናኛሉ፤ ተመልካቹም እንባውን ጠርጎ ይወጣል።

መብራቱ ሲበራ የሞጣ ተወላጅ የሆነ ባልደረባችን «ጌትዮው ደግ ሰው ቢሆን ኖሮ ነገሩ ሁሉ ይቃና ነበርን?» ሲል ጠየቀ። ጥያቄው የፊልሙን ዋና ድካም ይነካል። ፊልሙ ጥፋቱን ሁሉ በአንድ ክፉ ባልና በአንዲት ምቀኛ ሴት ላይ ይጥላል። ሴትን የዘር ማስቀጠያ፣ ድሀን የባለጸጋ ደጅ ጠኚ ያደረገው የርስትና የማዕረግ ሥርዓት ግን ሳይከሰስ ያልፋል። የሮክቢ ምኞትም በጃማይካ ያጣውን ርስት ማስመለስ ነው። በዚያን ዘመን የጃማይካን እርሻ ያለሙት አፍሪካውያን ባሮች ነበሩ፤ በብሪታንያ ቅኝ ግዛቶች ባርነትን የሻረው ሕግ የወጣው ገና በ1833 እ.ኤ.አ. ነው። በፊልሙ ውስጥ ያለው ጥቁር ልጅ ቶቢ እንኳ የተወከለው ፊቱን ጥቁር በተቀባ ነጭ ልጅ ነው። ታዲያ የእኛ እንባ ለማን ይፈሳል?

ባልደረባችን ይህን ለመጠየቅ የቻለው ሌላ የፍቅር ታሪክ ስለሚያውቅ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ዋና ድርጊቱ የሚፈጸመው ከቢቸና ብዙ በማይርቀው ዲማ ነው። በዚያም ፍቅረኞች ይለያያሉ፤ በዚያም ሞት አለ። ነገር ግን በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን የለያያቸው የፊታውራሪ መሸሻ ክፋት ብቻ አይደለም፤ ሰውን በአጥንቱ የሚመዝነው ሥርዓት ነው። ጉዱ ካሣ ይህን በግልጽ ስለተናገረ እብድ ተባለ። ደራሲው የባላባቱን ቤትና የባላገሩን ጎጆ ጎን ለጎን አስቀምጠው፣ ልጃቸውን በዘር ቆጠራ ያስቀሯት ፊታውራሪ ባላገሩንም በግብር እንደሚያስጨንቁት አሳይተዋል። ባላገሩም ያምጻል፤ ሊቀጡት የዘመቱት ፊታውራሪ ይማረካሉ።

ይህ የብዕር ፈጠራ ብቻ አልነበረም። መጽሐፉ ከወጣ ሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1960 ዓ.ም.፣ የጎጃም ገበሬ አዲሱን የእርሻ ገቢ ግብር አልከፍልም ብሎ ሲነሣ ሞጣና ቢቸና ከዐመፁ ዋና ዋና ቦታዎች ነበሩ። የዘውዱ መንግሥት ጦር ቢያዘምትም በመጨረሻ አገረ ገዢውን ለማንሣትና ውዝፉን ግብር ለመማር ተገዷል።

የፍቅር ፊልም አይታይ፣ እንባም አይፍሰስ ማለታችን አይደለም። በ1943 እ.ኤ.አ. በጦርነቱ የደከሙት የእንግሊዝ ሴቶች ወደ ሲኒማ የጎረፉት ያለፈቃድ የመዳር ሥቃይ ስለገባቸው ጭምር ነው። ዳሩ ግን እንባ ብቻውን ሥርዓትን አይለውጥም።

የባላባት ማዕረግ ዛሬ የለም፤ በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግም ያለዕድሜ ጋብቻን ያስቀጣል። ሆኖም ልጃገረድን ለመሬትና ለከብት ስሌት ወይም ለዝምድና ማጠናከሪያ የመዳር ልማድ ገና አልተነቀለም። ሽማግሌ ሆነን የምንላከው፣ ለድግሱ የምናዋጣው፣ በሠርጉ ድንኳን የምንቀመጠው እኛው ራሳችን የቀበሌ ነዋሪዎችና ሠራተኞች ነን። ስለዚህ ጥያቄው ከፊልሙ ጋር አብሮ ማለቅ የለበትም። በሚቀጥለው ሽምግልና ከመነሣታችን በፊት የልጅቱን ዕድሜ እንጠይቅ፤ ፈቃዷንም ከራሷ አንደበት እንስማ።