ለአዲስ ሾፌር የመጀመሪያው አሠሪ



የእኅቴ ልጅ የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ ባወጣ ማግሥት፣ የጅቡቲው አበል ከፍ ያለ ነው ሲሉት፣ ያለ ውል ለአንድ ባለ መኪና ተቀጠረ። ፍሬኑ አልይዝ ማለቱን ቢያስታውቅ «ከፈራህ ውረድ» ተባለ። ወረደ፤ የሠራበት ደመወዝ ግን የተጻፈ ማስረጃ ስለሌለው እስከ ዛሬ አልተከፈለውም።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የተፈረመበት ጽሑፍ ለሠራተኛው እንዲሰጥ ያዛል። ስለዚህ አዲስ ሾፌር ከአበሉ አስቀድሞ ውሉን፣ የፍሬኑንና የጎማውን ደኅንነት፣ የዕረፍቱን ሰዓት፣ ጭነት ቢጎድል ማን እንደሚጠየቅበት ይወቅ። እኛም ውሎአችን ከወረቀት ጋር የሆነ ወላጆች፣ ልጃችን ከመፈረሙ በፊት ውሉን እናንብብለት። አዋሽንና ሚሌን አልፎ ጋላፊ መድረስ ብቻውን አይበቃም፤ በደኅና መመለስም አለና።

አንድ አንባቢ
ከአዲስ አበባ