ልጆቻችን ካሜራውን ይወቁት

ጥር 28 ቀን 2005 ኢቲቪ «ጂሃዳዊ ሐረካት»ን ሲያሳይ እኛ ተቆጣን። የ10ኛ ክፍል ልጃችን ግን ዝም ብሎ አየ፤ ምን ብሎ እንደሚጠይቅ ማንም አላስተማረውምና። ፊልሙ ላይ ቃላቸውን የሰጡት ወንድሞች እስር ላይ ነበሩ። ጠያቂው ማን ነው? ከንግግራቸው ምን ተቆርጦ ወጣ? ሙዚቃው ለምን እዚያ ጋ ገባ? ሱረቱል ሑጁራት 6ኛው አንቀጽ ወሬ ሲመጣ እንድናጣራ ያዘናል፤ ማጣራት ደግሞ ሙያ ነው፣ ይለመዳል። በየመድረሳው በሳምንት አንድ ሰዓት ይበቃል። ተማሪዎች ያዩትን ከሰሙት ለይተው ዜና ይጻፉ፣ በሞባይል ቀርጸው ራሳቸው ያቀናብሩ። አንዴ የቆረጠ ልጅ፣ ሌላው የት ጋ እንደቆረጠ አይጠፋውም። ይህችንም ወረቀት ይመርምሯት (እኛም እንሳሳታለን)። ጀመዓው ከጁምዓ ሰላት በኋላ ይምከርበት፤ በሙያው ያላችሁ ወንድሞችና እህቶችም ያቺን አንድ ሰዓት ስጡን።